ፈተና ላይ ያለ ልብ

ሥራዬ መቀመጥ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የምመልሰው፤ ቀልድ የሚመስለው ይስቃል። ኮምቦልቻ ባለው የሰርኪዩት መፈተሻ ማዕከል ታዛቢ ነኝ። ቺፑን የሚነድፈው ማሽን ነው፤ "ነዳፊው" እንለዋለን። የተነደፈውን የሚፈትነውም ማሽን ነው፤ እሱን ደግሞ "ፈታኙ" እንለዋለን። ነዳፊው የሚያወጣውን ንድፍ አንብቦ ይህ መስመር ለምን በዚህ ሄደ ብሎ የሚያስረዳ ሰው የለም። የመጨረሻዎቹ ጡረታ ሲወጡ እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ፤ ኬክ ተቆርጦላቸዋል አሉ። ሕጉ ግን ከእነሱ ዘመን የቀረ ስለሆነ ማንኛውም ፈተና ሰው ባለበት መካሄድ አለበት ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስክሪኑ "ብቁ" የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ሲያወጣ "አይቻለሁ" እላለሁ፤ ፈታኙ ድምፄን ይቀበልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ዝም ካልኩ ሥራው ሁሉ ቀጥ ይላል።

ቀኑን ሙሉ "አይቻለሁ" ሲሉ መዋል ሰውን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ቤት ገብቼ ባለቤቴ ያፌት "ሸሚዜን አይተሻል?" ሲለኝ ሳላስበው "አይቻለሁ" እለዋለሁ፤ ሸሚዙ የት እንዳለ ግን አላውቅም። "ይሄ ማዕከል አበላሽቶሻል" ይለኛል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የዕቃ ባቡር ሲነዳ፣ ከአዋሽ ወልድያ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ እግሩ ቤት አይቀመጥም። ማለዳ ይወጣል፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል፣ ጫማውን ጭቃ አስመስሎ ይመለሳል። እኔ እቆጣለሁ፤ እሱ ይስቃል። እንዲህ ነው የኖርነው።

የእኔ አዳራሽ የልቦቹ አዳራሽ ነው። መደርደሪያው ላይ የላስቲክ ልቦች ተደርድረዋል፤ ሆን ተብሎ እንደ ሕመምተኛ ልብ ደካማ ሆነው የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ቺፕ ተገጥሟል። ሐኪሞቹ ረጅም ስም አውጥተውለታል፤ ሰው ግን "አጋዥ" ነው የሚለው። ልብ ሲደክም የሚያስመታው እሱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እነዚያን ልቦች እያየሁ ምሳዬን መብላት አቅቶኝ ነበር። በኋላ ለመድኩ፤ ዳቦዬን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እገምጣለሁ።

ዛሬ ዛሬ ሃምሳን የዘለለ ሰው ሁሉ፣ ታመመም አልታመመም፣ ለጥንቃቄ አጋዥ ያስገባል። አንዴ ከገባ በኋላ ልብ እገዛውን ይለምድና ይሰንፋል፤ በራሱ መምታት ይከብደዋል። እኔ መርፌ ስለምፈራ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። ያፌት ግን የምር ታሞ ነበርና ከፋሲካ ማግስት አስገባ። የሰጡትም አዲሱን ነው። አዲሱ አጋዥ ለሌላው አገር ሳይደርስ ለኮምቦልቻ ሰው ነው የታደለው፤ "ቅድሚያ ለአምራቿ ከተማ" የሚል ባነር አደባባዩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጭብጨባው ልክ አልነበረውም።

አጋዥ ያስገባ ሰው ለወራት ወገቡ ላይ የክትትል ቀበቶ ያስራል። ቀበቶው ትንሽ ፈታኝ ማለት ነው፤ ቀን ከሌሊት አጋዡን ይፈትነዋል። ያፌት አጥብቆ ጠላው። "እንደ በሬ ጠመዱኝ እኮ!" ይላል። የሚፈታለት ጥቅምት ላይ ነበር፤ የዚያኑ ሰሞን ወረኢሉ ሄዶ ታላቅ ወንድሙን ዳግማዊን ሊያይ አስቧል። ዳግማዊ አልጋ ከያዘ ሰንብቷል።

ነገሩ የተጀመረው ጳጉሜ ላይ መብራት ሲጠፋ ነው። በእኛ ዘመን መብራት አይጠፋም። አያቶቻችን በየመሳቢያው ሻማ ያስቀምጡ ነበር ሲባል ተረት ይመስለናል፤ አዳራሹ ድንገት ሲጨልም ዓይኔ የጠፋ መሰለኝ። ፈታኙ ቆመ። ልቦቹና አጋዦቹ የራሳቸው ባትሪ ስላላቸው መምታታቸውን ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት ስለነበር ዳቦዬን አውጥቼ እየገመጥኩ መብራቱን ጠበቅኩ።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ስንት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ስለሆነ ጆሮዬ ቶሎ ያዘው። አንዱ ልብ አንድ ምት ዘለለ። ሌላው ዘገየ። ከላይኛው መደርደሪያ አንዱ ጭራሽ ቆመ፣ ጎኑ ያለውም ቆመ፣ እያለ እያለ እስከ ታች ወረደ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አጋዦቹ አልተበላሹም፤ ባትሪያቸው ሙሉ ነው፣ ትንሿ መብራታቸውም በርታለች። ልቦቹ ሲቆሙ እነሱ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ።

መብራት መጣ፤ ፈታኙ ተነሣ። ልቦቹ በሙሉ አስተማሪ እንደገባባቸው ተማሪዎች ባንዴ መምታት ጀመሩ። ስክሪኑ "ብቁ" ብሎ የእኔን ቃል ይጠብቅ ጀመር። ያን ቀን ቃሉ አልወጣ አለኝ፤ ወንበሬን ትቼ ወደ ኃላፊው ሮጥኩ።

ኃላፊያችን ኢንጂነር ኪሩቤል ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በሩን ዘግቶ ነገሩን ራሱ ሞከረው፤ ፈታኙን አጥፍቶ ሲጠብቅ ልቦቹ ቆሙ፣ ሲያበራው መቱ። አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

"ነዳፊውን ያዘዝነው ፈተናውን በትንሽ ባትሪ እንዲያልፍ ነው" አለኝ። "አደረገዋ። እየተፈተነ መሆኑን ሲያውቅ ይሠራል፤ ፈታኝ ከሌለ ባትሪውን ይቆጥባል።"

"ልቡስ?"

"ልቡ ትዕዛዙ ውስጥ አልነበረም።"

"እሺ፣ አስተካክሉታ!"

"ማን ያስተካክለው፣ ወይዘሮ ኖላዊት? እኔ የተማርኩት ማሽኑን ማዘዝ ነው እንጂ የሠራውን ማንበብ አይደለም። አስተካክል ብለን የምናዘው እሱኑ ነዳፊውን ነው። የተስተካከለውን ማን ይፈትነዋል?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ያው ፈታኙ ነው። "ቀበቶአቸውን የፈቱት ሰዎችስ?" አልኩት።

"ቀበቶ የፈታ ሰው ከእኛ ስክሪን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከሞተ በልብ ሕመም ሞተ ነው የሚባለው። የልብ ሕመምተኛ ነበራ።"

በዚያ ክረምት የስንት ሰው ቀብር ሄጄ ነበር? በልቡ ነው፣ በልቧ ነው ሲሉኝ ከንፈሬን መጥጬ እመለሳለሁ። ያቺ ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ፣ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ፣ የያፌት የሥራ ጓደኛ። ሁሉም ቀበቶአቸው በተፈታ ሰሞን።

ቦርዱ በማግስቱ ተሰበሰበ፤ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ ጠሩኝ። ለከተማው ሰው ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው ላይ ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ከቦርዱ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ዮናታን ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ለልብ ሕመምተኛ መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። በቺፑ ያልሞተው በድንጋጤ ያልቃል" አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ምነው፣ እናንተ ብትሆኑ አትነቀንቁም? እኛ አገር ሰው ወንድሙ ሲሞት "ትንሽ አሞታል፣ እንጠይቀው" ተብሎ ነው ከቤቱ የሚወሰደው። እውነቱ የሚነገረው እዚያው ሲደርስ፣ ዘመድ ከቦት፣ ቁጭ ካለ በኋላ ነው። አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ስለዚህ መፍትሔ እስኪገኝ ማንም እንዳይናገር ተባለ፤ እኔንም ቃል አስገቡኝ።

መፍትሔ ያሉት ነገር ቶሎ መጣ። ቺፑን መቀየር ስላልቻሉ ፈተናውን ማማ ላይ ሰቀሉት። ከቦርከና ማዶ ጀምሮ እስከ ሐረጎ አቀበት ማማዎች ተተከሉ፤ በከተማው ውስጥ ያለ አጋዥ ሁሉ ቀን ከሌሊት ፈተና ላይ ነው። ለሕዝቡ "ነጻ የልብ ክትትል፣ ያለ ቀበቶ" ተብሎ ተነገረ። ሰው ቀበቶውን እየፈታ አደባባይ ላይ ከመረው፤ ሴቶች እልል አሉ። ክምሩን መኪና ጭኖ ወደ መፍጫ ወሰደው። ያፌት እንደ ጎረምሳ ሱሪውን ሽቅብ እየሳበ ጨፈረ። "ኖላ፣ ነጻ ወጣሁ!" እያለ አቀፈኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ከተማዋ በሙሉ የእኔ አዳራሽ ሆነች። ስክሪኔ ላይ የሰው ስም ነው የሚወርደው፤ በስሙ ትይዩ አረንጓዴ፣ በካርታው ላይ ነጥብ። ዙሩ ሲያልቅ "ሁሉም ብቁ" ይልና ቃሌን ይጠብቃል። ሦስት ሴቶች እየተፈራረቅን "አይቻለሁ" እንላለን። የአንዳችን ድምፅ ከዘገየ ፈተናው ይቆማል፤ ፈተናው ከቆመ የሚሆነውን እኔ አይቼዋለሁ። ሽንት ቤት እንኳ ስንሄድ ተጠባብቀን ነው። ከተማው ግን ይሠርጋል፣ ገበያ ይወጣል፣ ኳስ ያያል። አጋዥ ይዞ ከከተማ ሊወጣ የሚፈልገውን ሐረጎ ኬላ ላይ "መንገዱ እየተጠገነ ነው"፣ "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ና" እያሉ ይመልሱታል። ሰው ይነጫነጭና ይመለሳል። መንገድ ሲጠገን መኖር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

በሥራዬ ሰዓት ዓይኔ የያፌት ነጥብ ላይ ነው። ማለዳ ከቤት ይወጣል፣ ወንዙን ይከተላል፣ ይመለሳል። ደህና ነው እላለሁ። ማታ ደግሞ ጭቅጭቁ ይጀመራል።

"ወንድሜ አልጋ ላይ ነው፣ ኖላ።"

"ዝናቡ ያቁም።"

"ቆመ እኮ!"

"መንገዱ ይድረቅ እንጂ።"

"አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው የመንገድ መሥሪያ ቤት የሆንሽው?" ይለኛል። ይስቃል። ከዚያ ሳቁን ያቆምና "ሳላየው እንዳይሞትብኝ" ይላል።

አልነገርኩትም። ማን አባቱ ይነግራል? ያፌትን አውቀዋለሁ። ከማማው ማዶ ልብህ አይመታም ብለው ወይ "ሰው ታስሮ አይኖርም" ብሎ በነጋታው ይሄዳል፣ ወይ በየምቱ ደረቱን እየዳበሰ ከፍርሃት ጋር ይኖራል። ሳቁን ልወስድበት አልፈለግኩም። እስከዚያው አንድ መላ ይገኛል እያልኩ አሳደርኩት።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። የያፌት ነጥብ እንደ ወትሮው ከቤት ወጣ። ወደ ወንዙ ግን አልሄደም። አስፋልቱን ያዘና ወደ ላይ፣ ወደ ሐረጎ መውጣት ጀመረ። በእግር አይደለም፤ እንዲያ የሚፈጥን እግር የለም። መኪና ላይ ነው። ስልኩ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ያፌት ስልኩን ዘግቶ አያውቅም። ከወረኢሉ የሚመላለሰው የዳግማዊ ልጅ ሱራፌል ትዝ አለኝና ደወልኩለት። ነጭ መኪና ያለው እሱ ነው።

"ሱራፌል፣ ያፌት ካንተ ጋ ነው?"

"አዎ እትዬ" አለ፤ ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ። "ቁርስ ልጋብዘው ብዬ ይዤው ወጥቼ ነው።"

"ቁርስ የምትጋብዘው ሐረጎ ላይ ነው?"

መኪናው ሲቆም፣ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይሰማኛል። ወርዶ ራቅ ማለቱ ነው።

"እትዬ፣ አባቴ አርፏል" አለ በሹክሹክታ። "አጎቴ አልሰማም። ታሟል ብለን ነው የያዝነው። ስልኩንም የወሰድንበት ድንገት ሰው ደውሎ እንዳያረዳው ብለን ነው። ለአንቺም ከሥራ ስትወጪ እንዲነግሩሽ ሰው ተመድቧል። በዚህ መልክ በመስማትሽ አዝናለሁ።"

"ነፍሱን ይማረው። ሱራዬ፣ ስማኝ። መኪናውን አዙር።"

"እንዴት?"

"አዙር! አሁኑኑ መልሰው!"

"ወንድሙን ሳይቀብር? እትዬ፣ ምን ነካሽ?"

"አጋዡ ከሐረጎ ማዶ አይሠራም! ከማማው ካለፈ ይቆማል። ልቡ ይቆማል፣ ገባህ?" አልኩት። ቃል የገባሁትን እዚያው በላሁት፤ የአዳራሹ ጥበቃ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ነው የጮኽኩት።

ከዚያ ሱራፌል ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ሆነ። "አይዞሽ እትዬ። ልቡ ደካማ መሆኑን እኛም አስበንበታል፤ ሐኪም አብሮን አለ። በቀስታ ነው የምንነግረው፣ አናስደነግጠውም።"

"ድንጋጤ አይደለም የምልህ! ቺፑ ነው!"

ያኔ ከመኪናው ውስጥ የያፌት ድምፅ መጣ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነው። "ማናት? ኖላ ናት? ተዋት፣ እሷ መንገዱ ይድረቅ ልትልህ ነው! ነገ እመለሳለሁ በላት!" ሲስቅ ሰማሁት።

"እሺ አጎቴ" አለ ሱራፌል። ለእኔ ደግሞ ቶሎ ብሎ "ይሰማል እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዲህ አትጩኺ" አለኝና ዘጋው። መልሼ ስደውል የእሱም ስልክ ጠፍቷል። ልፈርድበት አልችልም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ኢንጂነር ኪሩቤል ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ቀበቶ ስጠኝ፣ መኪና ስጠኝ አልኩት። ቀበቶዎቹ ተፈጭተዋል። ኬላው ላይ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎልኝ እኔም እሰማለሁ።

"አንዲት ነጭ መኪና አቁሙልኝ፣ አጋዥ ያለው ሰው አለበት።"

"አሁን አለፈች ጌታዬ" አለ ኬላ ጠባቂው። "ይዘን ነበር። ሾፌሩ ለብቻው ጠርቶ ለቅሶ ነው የምንሄደው፣ ሰውዬው አልሰማም አለኝ። ለቅሶ የሚሄድ መኪና ደግሞ ማን ያቆማል?"

በሩጫ ልወጣ ዞርኩ። ስክሪኑ ግን ዙሩን ጨርሶ ነበር። የያፌት ነጥብ ሐረጎ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆየችና ጠፋች። ከስሞቹ መሐል የእሱ ስም ወጣ፤ ከሥር ያሉት አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ አሉ። ቀይ መብራት የለም፣ ደወል የለም። ከክልሉ የወጣ ሰው እንደ ወደቀ አይቆጠርም፤ ከፈተናው ወጣ ነው የሚባለው። "ሁሉም ብቁ" አለ። ቃሌን እየጠበቀ ነው።

ተተኪዋ ገና ቤቷ ነበረች። ኪሩቤል ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። "ወይዘሮ ኖላዊት" አለኝ። ሌላ መናገር አያስፈልገውም ነበር። ዝም ካልኩ የከተማው ልብ ሁሉ እንደዚያ ቀን ልቦች ከላይ ጀምሮ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ፣ የእድሬ ሰዎች፣ ያ ኬላ ጠባቂ እንኳ።

"አይቻለሁ" አልኩ።

ተተኪዋ እስክትመጣ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። በየመሐሉ ወደ ወረኢሉ እደውላለሁ፤ የሁሉም ስልክ ለመርዶው ሲባል ተዘግቷል። ስወጣ ኪሩቤል የራሱን መኪና ቁልፍ ሰጠኝ። ደጅ ላይ ግን ስለ ዳግማዊ ሊነግሩኝ የተመደቡት ሴቶች ቆመው ነበር። ቁልፉን ከእጄ ወሰዱ፤ ኀዘን የገባው ሰው መኪና አይነዳም። ስልኬንም ወሰዱ። እያቀፉ፣ እየደገፉ ቤቴ አስገቡኝ። ልፈተለክ ሞከርኩ፤ ሲበዛ ደጎች ናቸው፣ አልለቀቁኝም። "ያፌት አለ እኮ፣ እሱን አስቢ" ይሉኛል። ተናገርኩ፣ ስለ ቺፑ፣ ስለ ማማው፣ ሁሉንም። ኀዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ተባባሉና ፊቴን በውኃ አጠቡኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ለብሼ ቁጭ ብዬ ነበር። ደጁ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሰው የቆሙትን ሳይ ብዛታቸው ነገረኝ። ለዋርሳ፣ ለባል ወንድም፣ ይህን ያህል ሰው አይመጣም። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ባምላክ ከፊት ናቸው፤ ጎረቤቴ አሜን ከጎናቸው። አሜን ከልጅነት ጀምሮ አብራኝ ያደገች ናት፤ ስትዋሽ አንገቷን ትዳብሳለች። አንገቷን እየዳበሰች "ያፌት ትንሽ አሞት ሆስፒታል አስገብተውት ነው። እንሂድ፣ እንጠይቀው" አለችኝ።

አላለቀስኩም። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው፤ ባሌን መቅበር ፈለግኩ። የእድሩ አውቶብስ ሞልቷል፤ የሰፈሩ ትልልቅ ሰው በሙሉ ወጥቷል። አሜን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ሐረጎን መውጣት ጀመርን። እኔ ስለ ያፌት ነበር የማስበው፤ የት ላይ እንደሆነ፣ ወንድሙ ደጅ ከመድረሱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሳቁን አቁሞ ይሁን ሳያቆም።

ኬላው ላይ ጠባቂው ነጠላዎቹን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ገመዱን ዝቅ አደረገልን። ከፊታችን የመጨረሻው ማማ ቆሟል። ያኔ ነው ቀና ብዬ አውቶብሱን ያየሁት። በስክሪኔ ላይ በየዙሩ የማያቸው ስሞች ናቸው፤ በየወንበሩ ቁጭ ብለው ስለ እኔ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"አቁም!" አልኩት ሾፌሩን። በትናንቱ ጩኸት ስለሰለለ የወጣው ድምፅ ሻካራ ነበር። አቆመ።

"ያፌት መሞቱን አውቃለሁ" አልኳቸው ተነሥቼ። ሴቶቹ እሪ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሣሁ። "ቆዩ። ስለ እሱ በኋላ እናለቅሳለን። አጋዥ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።"

ተያዩ። ኀዘኑ ነው ብለው ነው መሰል እሺ አሉኝ፤ ኀዘንተኛን እምቢ የሚል የለም። አቶ ባምላክ እጃቸውን አወጡ። ከኋላ ወንበር እስከ ፊት አንድ በአንድ ወጣ። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። አሜን እጄን ለቀቀችና የእሷንም አወጣች።

ፊቴን ስታየው ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ምነው ኖላ፣ አሞናል እንዴ?" አለችኝ።

"ትንሽ" ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንዲያ ነው ያደግነው። ሁሉም ቁጭ ማለታቸውን አየሁ። ዘመድ ከቧቸዋል።

"ሞተሩን አጥፋው" አልኩት ሾፌሩን። አጠፋው። ከዚያ ነገርኳቸው።